የጋሽ እንድሪስ ቤት ደጅ ነበረው

ጋሽ እንድሪስ ሱቃቸውን ከሱቄ ጎን ሲከፍቱ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ያኔ መርሳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ወደ ገበያው በሚያስገባው መንገድ፣ አንድ ማሽንና አንድ በርጩማ ብቻ የምትይዝ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ግን ሰው ኮፒ ሊያስደርግ ያመጣውን ወረቀት ሳላነብ አልመልስም፤ የክስ ማመልከቻውን፣ የሠርግ መጥሪያውን፣ የተማሪውን መመረቂያ ጽሑፍ። ሰዉ ወሬኛ ይለኝ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ብቻ «የሺ የኛ ቤተ መጻሕፍት ናት» ይሉኛል።

ባለፈው የረጀብ ወር አረፉ። መስጊዱ በድምፅ ማጉያ ስማቸውን ሲጠራ ሱቄን እየከፈትኩ ነበር፤ ቁልፉን ጓጉንቸሩ ውስጥ እንደተውኩት ቁጭ አልኩ። ቀብራቸው ላይ ሰዉ ሁሉ «ደግ ሰው ነበሩ» ሲል ዋለ። ደግ መሆናቸው እውነት ነው። ግን ደግ ሰውማ አገሩ ሙሉ ነው። እኔ የማልረሳቸው ደግነታቸው ስሕተት ውስጥ ሲከታቸው፣ ከስሕተቱ እንዴት እንደወጡ አይቼ ነው።

ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፣ ከመርሳ ወጣ ብላ ያለችው የግራና ሰው። አባታቸው አበጋር ነበሩ፤ በኛ አገር አበጋር ማለት ሰው ሲጣላ፣ ይባስ ብሎም ደም ሲፈስ፣ መካከል ገብቶ ቂሙን የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው። ልጃቸው ሽምግልናውን ትተው ሽቦ ያዙ። ሬዲዮ ሲቀር ሞባይል፣ ሞባይል ሲበዛ ኮምፒውተር፤ ሁሉንም ማንም ሳያስተምራቸው። የትኛውንም ቁልፍ ከመጫናቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው በሽርጣቸው ጫፍ ይጠርጉታል፣ መልሰው ያጠልቁታል፣ ከዚያ «ቢስሚላህ» ይላሉ። የሒሳብ መሣሪያም ብትሆን።

«ጋሼ፣ ሁለትና ሦስት ለመደመርም ቢስሚላህ ያስፈልጋል?» ስላቸው፣

«ስንቱ ሳያስብ በተጫነው ቁልፍ አይደል እንዴ ሰው የተፋጀው» ይሉኛል።

በኋላ ቤት ብለን የጠራነው ነገር የተጀመረው በንዴት ነው። ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት በአንድ ትልቅ ማኅበራዊ መገናኛ ላይ ስለ ሬዲዮ ጥገና የሚጽፉበት ገጽ ነበራቸው። አንድ ጠዋት ቢከፍቱት የለም። «ደንብ ስለጣሱ ተዘግቷል» ይላል። የቱን ደንብ? አይልም። አቤቱታ ጻፍን፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፣ ያው ዓረፍተ ነገር። ደግመን ጻፍን፣ ያው። ሰባተኛው መልስ ሲመጣ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ።

«የሺ፣ ይሄ እኮ ሰው አይደለም።»

«ማሽን ነው ጋሼ።»

«ማሽንማ ወዳጄ ነው፤ ስፈታው ሆድ ዕቃውን ያሳየኛል። ይሄ ደጅ የሌለው ቤት ነው። ባለቤት ያለው ቤት ደጅ አለው፤ ደጅ ካለው ሄደሽ ታንኳኪያለሽ።»

ከዚያ በኋላ ወራቱን ሙሉ ሲያነቡ ከረሙ። አንድ ቀን አሮጌ ኮምፒውተር ከጣሪያቸው ሶላር ጋር አገናኝተው «ግቢ፣ ቤት ሠርቻለሁ» አሉኝ።

በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ትልቁ መገናኛ አንድ አዳራሽ ነው፤ ባለቤቱ አንድ፣ ቁልፉም እሱ ኪስ ውስጥ። ይሄኛው ግን መንደር ነው። የፈለገ ሰው የራሱን ቤት ይሠራል፣ የራሱን ሕግ ያወጣል፣ ከጎረቤት ቤት ጋር በር ይከፋፈታል። ጋሽ እንድሪስ መርሳ ላይ ሠሩ። ወልድያ ላይ ናትናኤል የሚባል ወጣት መምህር ሠራ። ሲሪንቃ ያሉ የእርሻ ባለሙያዎች ደግሞ የራሳቸውን ሠሩ። እኔ መርሳ የጻፍኩትን ወልድያ ያለው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ያነበዋል፣ ይመልስልኛል። ማስታወቂያ የለም። የሚያጣላውን ነገር መርጦ ፊትህ ላይ የሚደቅን የለም፤ ቀድሞ የተጻፈው ቀድሞ፣ ኋላ የተጻፈው ኋላ። የቤቱ ጠባቂ ካላማረህ ሌላ ቤት ትገባለህ፣ ወዳጆችህም ይከተሉሃል። ኔትወርክ ሲጠፋ እንኳ ገበያው ዙሪያ ያለ ሰው በሳቸው ዋይፋይ እርስ በርሱ ይጻጻፍ ነበር።

ስም አላወጡለትም። ሰዉ ራሱ «እንድሪስ ቤት» አለው። ፍየል ሲጠፋ እንድሪስ ቤት፣ ለቅሶ ሲኖር እንድሪስ ቤት፣ ሽንኩርት ስንት ዋለ ቢሉ እንድሪስ ቤት። እኔም ተረት መጻፍ የጀመርኩት እዚያ ነው። የመጀመሪያዬን ያወጣሁ ቀን ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ ሳቃቸውን ሰማሁ። ከዚያ ግድግዳውን ደበደቡት።

«የሺ! ጅቡ ለምን አፈረ? ሳትነግሪን ጨረስሽው እኮ።»

«አንባቢ ይገምት ብዬ ነው።»

«የምገምተው የተበላሸ ሬዲዮ ላይ ነው። ተረት ላይ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው፤ ተረቱም ተሻለ።

የቤታቸው ሕግ ከአባታቸው የወረሱት ነው። ሰው ሰውን የነካ ነገር ከጻፈ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ሳይቀመጡ አይሰረዝም። «የተነገረ ቃል ብትደብቂው ሆድ ውስጥ ገብቶ ይመረቅዛል» ይላሉ። «ይቀመጡ፣ ይዋቀሱ፣ ከዚያ የተናገረው ሰው በገዛ እጁ ያንሳው።» ይሠራም ነበር። ሁለት ባጃጅ ነጂዎች በተራ ተጣልተው እናት የማይቀርበት ስድብ ተጻጽፈው፣ ሱቃቸው ውስጥ አንድ በርጩማ ላይ ትከሻ ለትከሻ አስቀምጠዋቸው፣ እየሳቁ ሲወጡ አይቻለሁ።

ወደ ከዲጃ ልምጣ።

ከዲጃ የማንጎ ችግኝ አፍልታ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿ የሚያድሩት በዚያ ነው። ችግኟ የተዳቀለ ነው፣ ቶሎ የሚያፈራ፤ መስኖው ዳር በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ደርድራ ዓመቱን ሙሉ እንደ ሕፃን ታሳድገዋለች። የሚሸጠው ግን ክረምቱ ሲገባ፣ ሰው መሬቱ ሲርስለት፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። ያ ካለፈ ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ይጠመዘዛል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ፀሐይ ይጨርሰዋል። የከዲጃ ዓመት ሦስት ሳምንት ናት ማለት ነው።

በሐምሌ መግቢያ፣ ሰኞ ቀን፣ ሁሴን የሚባል የግራና ገበሬ እንድሪስ ቤት እንዲህ ብሎ ጻፈ። «ከከዲጃ ማንጎ የገዛችሁ ጓሯችሁን እዩ። ነጭ ተባይ ነው የሸጠችልን። የኔ አልቋል።» ነጩ ተባይ ቅጠል ላይ እንደ ዱቄት ተለጥፎ ዛፉን መጥጦ የሚያደርቅ ነው። ማንጎ ያለው ሰው ስሙን ሲሰማ ወደ ጓሮው ይሮጣል።

ከዲጃ እጇ ጭቃ እንደሆነ መጣች።

«ጋሽ እንድሪስ፣ በአላህ ያጥፉልኝ።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ። ሁሴን ላይ ሰው ልኬበታለሁ፤ ጁምዓ ይመጣል፣ ትቀመጣላችሁ።»

«ዛሬ ሰኞ ነው። ችግኝ ጁምዓን ይጠብቃል ወይ?»

«አሁን ባጠፋው እውነት ስለሆነ ነው ያስጠፋችው ይላሉ። ስምሽ የሚጠራው እሱ ራሱ ሲያነሳው ነው።»

«ይበሉ። የፈለጉትን ይበሉ። ብቻ አንቱ ያጥፉት።»

ጋሽ እንድሪስ አላጠፉም። እኔም በሩ ላይ ቆሜ «አብሽሪ ከዲጃ፣ አምስት ቀን ምን አላት» አልኳት። ያቺ «አብሽሪ» እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ሐሙስ ዕለት ከሲሪንቃ ቤት አንድ ባለሙያ ጠርተው ሁሴን ጓሮ ላኩት። ባለሙያው ቢያይ፣ ተባዩ የመጣው ከአጥሩ ሥር ካለው ከራሱ ከሁሴን የድሮ ማንጎ ነው፤ የከዲጃ ችግኝ በሌሎች ጓሮ ንጹሕ ነው። ጁምዓ ከሰላት በኋላ ተቀመጡ። ሁሴን ክፉ ሰው አይደለም።

«ዓይኔ ያየውን ነው የጻፍኩት» አለ። «ከኋላዬ ያለውን ዛፍ ግን አላየሁም። ከዲጃ፣ ይቅር በይኝ፣ አፉ በይኝ።»

ከዲጃ «አፉ ብያለሁ» አለች። ዱዓ ተደረገ። ጋሽ እንድሪስ ቢስሚላህ ብለው ስልኩን ለሁሴን ሰጡትና በገዛ ጣቱ ሰረዘው። እኔ ልቤ ሞላ። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው ትልቅ መገናኛ ይገኛል ብዬ ተኩራራሁ።

ሰዓት እንኳ አልሞላም፣ ከዲጃ ተመለሰች። ስልኳን ዘረጋችላቸው።

«ወልድያ አለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መርሳ ሲሰረዝ ለወልድያው ቤት «ሰርዝ» የሚል መልእክት ይሄዳል። ግን እዚያ ያለ ሰው ገልብጦ የራሱ ጽሑፍ ካደረገው መልእክቱ አያገኘውም። በአምስት ቀን ውስጥ ብዙ ሰው ገልብጦታል። የከዲጃ ደህና ገዥዎች ደግሞ የወልድያ ሰዎች ናቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ የሚተክሉ ሠራተኞች። አንድ በአንድ እየደወሉ ይቅርብን አሉ። ከነሱ አንዱ የጋሽ እንድሪስ ታናሽ ወንድም መሐመድ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ወልድያ የሚኖር ሰው ነው፤ ውርጌሳ ላለው መሬቱ ስልሳ ችግኝ አዝዞ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ለናትናኤል ደወሉ። ልጁ ጨዋ ነው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ እርስዎም የሚያውቁት ነው፣ የአባሌን ጽሑፍ እሱ ሳይፈቅድ አላነሳም። ማመልከቻ ያስገቡና በደንቡ መሠረት እናየዋለን።»

«መቼ?»

«በሚመጣው ሳምንት መጨረሻ።»

ስልኩን ዘጉ። የገዛ ሕጋቸው ነበር፤ በሌላ ሰው አፍ ሲመለስላቸው ሰሙት።

በነጋታው ጠዋት «የሺ፣ ሱቅሽን ዝጊና ተከተይኝ» አሉኝ። ሚኒባስ ይዘን ወልድያ ገባን። ናትናኤል የተከራየበት ግቢ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረን ጋሽ እንድሪስ ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሡ። ትልቅ ነው። ማጅራታቸው ላይ አደረጉት።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«የበደለ ሰው እንዴት ነው የሚገባው?»

«አንቱ ምን በደሉ? የጻፈው ሁሴን፣ የገለበጠው ሌላ።»

«አምስት ቀን ያቆየሁት ግን እኔ ነኝ።»

ናትናኤል በነጠላ ጫማ፣ የጥርስ ብሩሹ አፉ ውስጥ እንዳለ በሩን ከፈተ። ያደገው ሩቅ አገር ነው፣ ልማዳችንን አያውቅም። አንድ ሽማግሌ አጎንብሰው ድንጋይ ተሸክመው ሲያይ ደንግጦ ሮጠ።

«ውይ ጋሽ እንድሪስ፣ ላግዝዎት። ወዴት ነው የሚወስዱት?»

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። «ናትናኤል፣ አታግዛቸው» አልኩት። «ይቅርታ እየለመኑህ ነው። ይቅር ካልክ ታወርድላቸዋለህ፣ ካላልክ እንዲሁ ቆመው ይውላሉ።»

«እኔን ምን በድለውኛል?»

ጋሽ እንድሪስ ካጎነበሱበት መለሱ። «አንተን አይደለም። ቤትህ ውስጥ ስሟ የጠለሸውን ሴት ነው የበደልኩት። እሷን ለመካስ ያንተን ደጅ ማንኳኳት አለብኝ።»

ልጁ ብሩሹን ከአፉ አወጣ። ፊቱ ላይ ጭንቀት ታየ፣ ግን አላፈገፈገም።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ስለማከብርዎት ልናገር። ዛሬ ለእርስዎ ካጠፋሁ፣ ነገ አንዱ ባለሥልጣን መጥቶ አጥፋ ሲለኝ ምን ብዬ እመልሰዋለሁ? ይሄን ቤት የሠራነው እኮ ማንም እየመጣ አጥፋ እንዳይለን ነው።»

«ባለሥልጣኑ ድንጋይ ተሸክሞ ከመጣ» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ «አጥፋለት።»

ናትናኤል ሳቀ፤ የጥርስ ሳሙናው አገጩ ላይ ወረደ። ከዚያ በሁለት እጁ ድንጋዩን አወረደላቸው።

እስከ እኩለ ቀን ተቀመጥን። ናትናኤል አልሰረዘም። ይልቅ ጽሑፉን የገለበጡትን አሥራ አንድ ሰዎች ፈልጎ፣ ለአሥራ አንዱም እየደወለ ስልኩን ለጋሽ እንድሪስ ሰጣቸው። ለእያንዳንዱ ከሰላምታ ጀምረው፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቀው፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ይነግሩታል። አንዱ «እኔ እኮ ሳላነበው ነው ያስተላለፍኩት» አላቸው። ዘጠኙ አነሡት። አንዱ ስልክ ዘጋባቸው። አንዱ አስብበታለሁ አለ።

በመጨረሻ ናትናኤል ስክሪኑ ላይ አንድ ቦታ አሳያቸው። ጽሑፉ ከወልድያ አልፎ ወደማናውቀው ቤት ሄዷል። ከከዲጃ ስምና ከሁሴን ክስ ጋር እዚያ ተቀምጧል። ጠባቂው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

«ይሄኛው የት አገር ነው?»

«አላውቅም። በራችንን ልዘጋበት እችላለሁ፤ እዚያ ያለውን ግን ማጥፋት አልችልም። ማንም አይችልም።»

«ማን ጋ ነው የሚኬደው?»

ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው ግን አላጠለቁትም።

«እንግዲህ እኛም ደክመን ደክመን ደጅ ወደሌለው ቤት መንገድ ጠርገናል» አሉ።

ከዚያ መሐመድ ቤት ሄድን። ምሳ አቀረበልን፣ ለወንድሙ ሥጋውን እየመረጠ አጎረሳቸው። የችግኙ ነገር ሲነሣ ግን እጁን ሰበሰበ።

«እንድሪስ፣ ወንድሜ ነህ። ግን ነገሩ ባይኖር ይሄ ሁሉ ሰው ከየት አምጥቶ ይጽፈዋል? መሬቴን ተባይ ላስገባበት?»

ጋሽ እንድሪስ አልተከራከሩም። «መርሐባ፣ እሺ» ብለው ውሃቸውን ጠጡ።

የመርሳ ሰው ከከዲጃ ጥቂት ችግኝ ገዛ። ከወልድያም ሁለት ሦስት ሰው ተመለሰ። የቀረውን ችግኝ ፀሐይ እንዳይጨርሰው ጋሽ እንድሪስ ሱቃቸው ጥላ ውስጥ አስገቡት። ሬዲዮው መሐል ማንጎ፣ ማንጎው መሐል ሬዲዮ። ጠዋት ጠዋት በጣሳ ሲያጠጡ ውሃው ወደ ኮምፒውተሩ ስለሚንጠባጠብ ዣንጥላ ዘረጉለት። ጥገና ሊያሠራ የመጣ ሰው «ጋሼ፣ ዝናብ ቤት ውስጥ ነው እንዴ?» ይላቸዋል። ያም ሆኖ ከግማሽ በላይ ደረቀ። ከዲጃ ያን ዓመት ትልቋን ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀረቻት።

ጋሽ እንድሪስ ሕጋቸውን ለወጡ። ሰው የሚነካ ጽሑፍ መጀመሪያ ይሸፈናል፣ ከዚያ ነው የሚቀመጡት። አንዳንዱ ሰው አኮረፈ፤ «እንድሪስም እንደነሱ አፍ መዝጋት ጀመሩ» ብሎ ወደ ሲሪንቃው ቤት ሄደ። እሳቸው «ይሂድ፣ ለዚህ አይደል በር ያበጀንለት» አሉ። ከዲጃን ግን ፊት ለፊት ቀና ብለው ማየት ከበዳቸው። አንድ ቀን የደረቀውን ልታነሣ መጥታ እንዲህ አለቻቸው፤ እኔ ከማዶ ሆኜ ሰማሁ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ተቆጥቼዎታለሁ። አልዋሽም። ግን በየጠዋቱ መጥቼ የምቆጣው ሰው ስላለኝ ነው ያላበድኩት። ያኛው ቤት ውስጥ ያለውን ማንን ልቆጣው?»

የጣሳው ድምፅ ብቻ ነው የተሰማኝ።

እሳቸው ሲያርፉ ቤቱን የሚይዝ ጠፋ። ኮምፒውተሩን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሁሉንም ነገር አንድ ሰው ትከሻ ላይ ጭነን ኖረናል። ናትናኤል ከወልድያ መጥቶ «አንድ ወር ይቆያል፣ ከዚያ ይዘጋል፣ ወደፈለጋችሁት ቤት ግቡ» ብሎ ጻፈ። ሰዉ ጓዙን ጠቅልሎ ገሚሱ ወልድያ፣ ገሚሱ ሲሪንቃ ገባ። ወዳጆቼ ሁሉ ተከትለውኛል። የጻፉት ነገር ግን አብሮ አይሄድም፤ ይሄን አላወቅኩም ነበር። አሥራ አራት ተረቶቼ እዚያው ቀሩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ለራሷ አንድ ኮፒ አላስቀረችም። ጅቡ ለምን እንዳፈረ አሁን በደንብ አላስታውሰውም።

ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ ከዲጃ እንደገና ችግኟን ደረደረች። አንድ ጠዋት መሐመድ በፒካፕ ከወልድያ መጣ። ስለ ወንድሙም፣ ስለ ተጻፈውም ምንም አላነሣም። የአንዱን ችግኝ ቅጠል ገልብጦ አየ፣ ሁለተኛውንም አየ፣ ሦስተኛውን አላየም። ስልሳውን ቆጥሮ ጫነና ውርጌሳ ወሰደው። ማታ ለከዲጃ ደውሎ በስንት ቀን ውሃ እንደሚጠጡ ጠየቃት።